አባቴን «እርስዎ» ያልኩ ዕለት

የኮሌጃችን የተማሪዎች ሬድዮ ጣቢያ ወልድያ ላይ ከአስተዳደሩ ሕንፃ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥባት ስለነበር ማይክሮፎኑ ፊት ስንቀመጥ የኳስና የላብ ሽታ ይሸተናል። በጦርነቱ ጊዜ የድሮው ጣቢያ ዕቃ በሙሉ ስለጠፋ አዲሱ የተቋቋመው ከየቦታው በተለመነ ነገር ነው። ድምፅ የሚያመጣጥነው ሚክሰር ከአንዱ፣ ጠረጴዛው ከሌላው መጣ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የተቸነከሩት ብርድ ልብሶች ደግሞ ከራሳችን ዶርም የተሰበሰቡ ናቸው። ብርዱ ሲጠና ብርድ ልብሱን የሰጠ አንድ ተማሪ እየመጣ ግድግዳውን በቁጭት ሲያየው ታዝቤያለሁ።

ፕሮግራም ስንጀምር ሁልጊዜ «ከወልድያ ለመላው ሰሜን ወሎ» እንላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሞገዳችን ግቢውን ያዳርስና ከበር ውጭ ያሉትን ሻይ ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይጎበኛል። አየሩ ጥሩ ሲሆን መናኸሪያው ድረስ ወርዶ እዚያው ይደክመዋል። ወደ መርሳ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ የሚያዳምጠን ሰው ቢኖር ገና ከተማው ሳያልቅ ድምፃችን ወደ ፉጨት ተለውጦ ይጠፋበታል። እኛ ግን መላውን ሰሜን ወሎ ሰላም ማለታችንን አልተውንም።

እኔ እዚያ የገባሁት በድምፄ ምክንያት ነው። የተወለድኩት ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለች የሐብሩ መንደር ነው። አባቴ የውኃ አባት ነው። ከወንዙ በቦይ የሚመጣውን ውኃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍል፣ በተራው የተጣሉትንም የሚያስታርቅ፣ መንደሩ መርጦ ያስቀመጠው ሰው ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ ተራው የደረሰው ገበሬ ታችኛው ማሳ ላይ ከሆነ፣ አባቴ እስከዚያ ከሚወርድ እኔን ቦዩ አፋፍ ላይ አቁሞ ያስጠራኝ ነበር። ድምፄ ሽንኩርቱንም ማንጎውንም አቋርጦ ይደርሳል። እናቴ ይህን ድምፅ ይዛ ማን ያገባታል እያለች ትጨነቅ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ የዕፅዋት ሳይንስ መማር እንደጀመርኩ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ድምፅ ያላችሁ ተማሪዎች ለጋዜጠኝነት ሥልጠና ተመዝገቡ የሚል ወረቀት ሳይ በስሜ የተጠራሁ መሰለኝ።

ሥልጠናውን የሚሰጡን ዕድሜያቸውን በሬድዮ ያሳለፉና ጡረታ የወጡ፣ ከደሴ የሚመላለሱ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ከቁመታቸው ይበልጣል። ካፌ ገብተው «አንድ ሻይ» ሲሉ ቀጥሎ ዜና የሚነበብ እየመሰለን ሁላችንም ጸጥ እንል ነበር። ለመግቢያ ፈተና ማይክሮፎኑ ፊት አቆሙኝ። ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው የቆቦ ልጅ ነው። ይህ ልጅ የጣቢያው ቴክኒሻን ሲሆን፣ ሲያወሩ በሚውሉ ሰዎች መካከል ሳይናገር የሚውል እሱ ብቻ ነበር። እኔ ገና «እንደምን ዋላችሁ» ከማለቴ የጆሮ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ከጆሮው አወለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝም ብሎ አየኝ። አሠልጣኛችን በትዕግሥት አድማጩ ማዶ እንዳልሆነ፣ ትራሴ ላይ የተቀመጠ ያህል ቅርብ እንደሆነ አስረዱኝ። ማዶ የሌለ ሰው ማናገር ያን ያህል ከባድ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከድምፄ መጠን ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ዜማዬ ነው። እኛ ወሎዬዎች ዓረፍተ ነገር ስንጨርስ ጫፉን ትንሽ እናስረዝመዋለን፤ ለኛ አይታወቀንም። አሠልጣኛችን ግን ይሰማቸዋል። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ «ዜማችሁን እቤታችሁ አስቀምጣችሁ ኑ» ይሉናል። እስክሪብቶ በጥርሳችን ነክሰን እናነባለን። ሆዳችን ላይ መጽሐፍ አስቀምጠን እየተነፈስን እናነባለን። የቃሉን ጫፍ እንደ ሽንኩርት ቅጠል ቆርጠን እየጣልን እናነባለን። አንድ ቀን በትምህርቱ መሐል ስልካቸው ጮኸ። እናታቸው ነበሩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «አብሽሪ እናትዬ፣ አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ቅዳሜ እመጣለሁ» ሲሉ ያ እንድንጥለው የታዘዝነው ዜማ በሙሉ ከሳቸው አፍ ወረደ። ስልኩን ዘግተው ወደ እኛ ሲዞሩ ሁላችንም ደብተራችን ላይ አቀርቅረን ነበር። ቀና ያለ የለም፤ ቀና ያለ ይስቃል።

እኔ ግን ተማሪ ስሆን ከልቤ ነው። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የራሴን ድምፅ አውልቄ ሌላ ለበስኩ። አዲሱ ድምፄ ከአፍንጫዬ ጀርባ የሚጀምር፣ ቀስ ያለ፣ ሁሉን ነገር የሚያውቅ የሚመስል ድምፅ ነው። ምግብ አዳራሽ ተሰልፌ «እባክዎ ትንሽ ወጥ ቢጨምሩልኝ» ስል ጭልፋ የያዙት ሴትዮ ወደ ኋላዬ ያያሉ፤ ሌላ ሰው የተናገረ መስሏቸው ነው። የዶርም ጓደኞቼ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የአየር ሁኔታ እንድነግራቸው ይለምኑኝ ነበር። እነግራቸዋለሁም። እያሾፉብኝ መሆኑ የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

የሥልጠናው ማጠቃለያ እያንዳንዳችን ከየመጣንበት አገር አንድ እንግዳ አነጋግረን ፕሮግራም ማዘጋጀት ነበር። አብራን የምትሠለጥነው የሐራዋ ልጅ ገበያ ገብታ ነጋዴዎችን ቀረጸች፤ ስንሰማው ግን ከሰው ይልቅ ግመል ነበር በብዛት የተናገረው። እኔ ብዙ አላሰብኩም። ስለ ውኃ አከፋፈል ፕሮግራም እሠራለሁ፣ እንግዳዬም አባቴ ይሆናል አልኩ። አባቴ ሲያወራ ሰው ሥራ ይፈታል። ሁለት ሰው አስታርቆ ሲመለስ የጠቡን ወሬ እራት ላይ ሲያወራልን፣ የሁለቱንም ድምፅ እየቀያየረ፣ አንዳንዴ የላሟንም ጨምሮ ነው። ከዚህ የተሻለ እንግዳ ከየት ይመጣል?

ዓርብ ዕለት መቅረጸ ድምፁን በሻርፕ ጠቅልዬ መርሳ ወረድኩ። አባቴ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ጠበቀኝ። ሬድዮ እንደሚናገር ስለሰማ ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት አውጥቶ ለብሷል። ሬድዮ ልብስ እንደማያሳይ ብነግረው ምናልባት ይቀየመኛል ብዬ ተውኩት። እናቴ ዶሮዎቹን ወደ ጓሮ ነዳች፣ በር ላይ የተሰጣውን በርበሬ አነሳች፣ ከዚያም የማትሰማ ለመምሰል ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ታላቅ ሰው «አንቱ» ነው። አባቴን እኔ ብቻ ሳልሆን እናቴም በሰው ፊት አንቱ ትለዋለች። «እርስዎ» የሚባል ነገር የሚሰማው ስብሰባ ላይ ነው፣ ቢሮ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው። አሠልጣኛችን ደግሞ እንግዳ የሆነ ሁሉ በሬድዮ «እርስዎ» ይባላል፣ ራሱንም በራሱ አንደበት ያስተዋውቃል ብለው አስጠንቅቀውናል። ቀዩ መብራት በራ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና በዚያ በአዲሱ ድምፄ፣

«እርስዎ በቅድሚያ ራስዎን ለአድማጮቻችን ያስተዋውቁልን» አልኩት። «ስምዎትን ከነአባትዎ።»

አባቴ መቅረጸ ድምፁን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው እንዳለ ዞር ብሎ ተመለከተ።

«መጀመሪያ አንቺ ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ» አለኝ። «የኔን እዚያው ላይ ታገኚዋለሽ።»

እናቴ የሰጠችንን ጀርባ ሳትመልስ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሣሪያውን አጥፍቼ የሬድዮ ሥርዓት እንዲህ እንደሆነ፣ አድማጩ የኔ አባት መሆኑን እንደማያውቅ አስረዳሁት። እሱም ይህን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት፣ ወልድያ ብርዱ በርትቶብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። እናቴ ተነስታ ጦስኝ አፍልታ አመጣችልኝ። እየጠጣሁ ሥልጠና እንደሆነ ነገርኳቸው። አባቴም ሥልጠና ከሆነ እሺ አለ፤ ሥልጠና እሱም ወስዶ ያውቃል፤ ወረዳ ሄዶ ስለ ውኃ አጠቃቀም ሠልጥኗል።

ያ ሥልጠና ነው ጉድ ያደረገኝ። እንደገና ቀዩን መብራት ሳበራ አባቴ ኮቱን ሳብ ሳብ አደረገና፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ በአሁኑ ሰዓት ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት የውኃ አጠቃቀም ሥርዓቱን በማዘመን ላይ እንደሚገኙ መግለጽ ጀመረ። ያ ላሟን ሳይቀር የሚያናግረው ሰው ጠፋ። እጥረቶች ተለይተዋል፣ አቅጣጫ ተቀምጧል። እኔም በበኩሌ «በዚህ ረገድ የገጠሙ ተግዳሮቶች ምን ይመስላሉ?» እላለሁ። አባትና ልጅ በገዛ ቤታችን፣ ሁለት የማይተዋወቁ ባለሥልጣኖች ሆነን ቁጭ ብለን በጨዋ ደንብ ተነጋገርን። እናቴ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ማን እንደገባባት ለማየት ይመስላል ዞር ብላ አየችን።

በዚህ መሐል ጎረቤታችን መጡ። እኚህ ሰው የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ አብረው አድገዋል፣ ማሳቸውም ከቦዩ ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። ሰላምታቸውን ከአጥር ውጭ ጀምረው ክሳቸውን ደጃፉ ላይ ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተራቸው ደርሶ ውኃው ከላይ ተለቀቀላቸው፤ ማሳቸው እስኪደርስ ግን ብዙ ዘገየ፤ ሽንኩርቱ ሳይጠጣ ተራቸው አለቀ። ስለዚህ ተራው መቆጠር ያለበት ውኃው ከተለቀቀበት ሰዓት ሳይሆን ማሳቸው ከረገጠበት ሰዓት ነው ይላሉ።

አባቴ ኮቱን አወለቀ። ባለድርሻ አካላቱም አብረው ወለቁ።

ውኃው መንገድ ላይ ሻይ ጠጥቶ ነው የመጣው ወይ ብሎ ጀመረ። እንደሳቸው አቆጣጠር ከሆነ የመጨረሻው ገበሬ ውኃ የሚያገኘው የልጁ ልጅ ሲያገባ ነው አለ። ጎረቤታችን በጀሊሉ ምለው ሽንኩርታቸው ቢጫ እንደሆነ ተናገሩ። አባቴ ሽንኩርቱ ከባለቤቱ ተምሮ ነው ቢጫ የሆነው አላቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ የአባቴን ፓፓያ ሰደቡ። እኔም እሳት ላይ እንደተጣደ ነገር አላስቻለኝም፤ ልጅ ሳለሁ እዚያ ቦይ ላይ ቆሜ ውያለሁና ውኃው የት ቦታ እንደሚዘገይ አውቃለሁ። ገባሁበት። «አባ፣ እሳቸው ማሳ ጋ ሲደርስ እኮ ደለል ነው የሚያቆመው፣ አንቱም ያውቁታል» አልኩ። አባቴም ወደሳቸው ዞሮ ደለሉ የማን ድንበር ላይ እንዳለ ጠየቃቸው። ጎረቤታችን ጢማቸውን አሻሹ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ በትንሽ ድምፅ የሳቸው ድንበር ላይ መሆኑን አመኑ። ፍርዱ ተሰጠ፦ እሳቸው ደለሉን ሊጠርጉ፣ አባቴ ደግሞ ለዚህች አንዴ ከራሱ ተራ ላይ ቀንሶ ሽንኩርታቸውን ሊያጠጣላቸው። ተሳስቀው ሻይ ጠጡ። መቅረጸ ድምፁን ለማንሳት ስሄድ ቀዩ መብራት ገና እንደበራ ነበር።

ወልድያ ተመልሼ ፕሮግራሙን ሳሰናዳ ያንን ሁሉ ጭቅጭቅ ቆርጬ ጣልኩት። የቀረው ባለድርሻ አካላቱ ነው። በጣም ኮራሁበት። አሠልጣኛችን አዳምጠው ንጹሕ ነው፣ ዜማ የለውም አሉ። ይህን ሲሉ ግን ያዛጉ ነበር። ያ የቆቦ ልጅ የተጣለውን ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ አግኝቶ ኖሮ፣ ምንም ሳይናገር ከፈተው። ዶሮ ይጮሃል፣ ሲኒ ይንኳኳል፣ ሦስት ሰው ባንዴ ይናገራል፤ የኔ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነው፤ የዓረፍተ ነገሬ ጫፍ ወልድያን አልፎ ራያ ይደርሳል። አፍሬ መሬት ልገባ ደረስኩ። ቀና ስል ግን አሠልጣኛችን ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ሽንኩርቱ ቢጫ የሆነበትን ቦታ እንደገና አስከፈቱት። ከዚያም ይህ ነው የሚተላለፈው አሉ። እኔም ለመንኳቸው፤ ቢያንስ ያቺ ስምዎትን ከነአባትዎ ያልኩባት እንድትወጣ። እሷማ መግቢያው ናት አሉኝ።

የሰዎቹን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝና ደወልኩ። ጎረቤታችን ወዲያው ፈቀዱ፤ ወልድያ ድረስ የሚሰማ አቤቱታ ማን ይጠላል። አባቴ ግን ሞገዱ መርሳ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። መላው ሰሜን ወሎ የምንለው ትዝ ብሎኝ ትንሽ ተንተባተብኩና አይደርስም አልኩት። እንግዲያው እኛ እንመጣለን አለ።

በዕለቱ ሁለቱም በጧት መኪና መጡ፤ አባቴ ኮቱን፣ ጎረቤታችን አዲስ ሽርጥ ለብሰው። አሠልጣኛችን አክብረው ስቱዲዮ ግቡ አሏቸው። አባቴ አመስግኖ እምቢ አለ። ሬድዮን ሰው እንደሚሰማው ከሬድዮ ልስማው ነው የሚለው። ከግቢው በር ወረድ ብላ ባለች ሻይ ቤት፣ የባጃጅ ሾፌሮችና ተማሪዎች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቦታ ተሰጣቸው። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሬድዮኑን ባትሪ አድርጋ ከፍ አደረገችላቸው።

እኔ ስቱዲዮ ገብቼ ፕሮግራሙን አስተዋወቅሁ። የቆቦው ልጅ ቀረጻውን ለቀቀው። ስሜን ከነአባቴ ተጠየቅሁ፣ ባለድርሻ አካላቱ ጥቂት ብቅ ብለው ተሰናበቱ፣ ጎረቤታችን መጡ፣ ውኃው ሻይ ጠጣ፣ ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ። ልክ እኔ ስለ ደለሉ ልናገር ስል መብራት ሄደ። ማሰራጫው ጸጥ አለ። የቆቦው ልጅ ጀነሬተሩን ሊያስነሳ ወጣ፤ ያ ጀነሬተር ደግሞ ደስ ሲለው ብቻ የሚነሳ ነው። እኔ አላስቻለኝም። አባቴ ከመርሳ ድረስ መጥቶ ግማሽ ወሬ ሰምቶ ሊመለስ ነው ብዬ ቁልቁል ሮጥኩ።

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ የጠበቅሁት ሐዘን የለም። ሬድዮኑ ይንሿሿል፤ የሚሰማው ግን የለም። ጎረቤታችን ቆመው የቀረውን ራሳቸው እየጨረሱት ነበር። የጨረሱት ግን በራሳቸው መንገድ ነው። በሳቸው አተራረክ ደለል የሚባል ነገር የለም። የውኃ አባቱ ጥፋቱን አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ የገዛ ተራውን እንደ ካሣ ሰጣቸው። የባጃጅ ሾፌሮቹ በሙሉ ከሳቸው ጋር ወግነዋል። አንዱ አባቴን በተግሣጽ ዓይን እያየ ምስኪን ገበሬ ላይ እንዲህ አይደረግም እያለው ነበር። አባቴ አይከራከርም። ሻዩን ይዞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ጥፋተኛ መስሎ ተቀምጧል፤ ጢሙ ሥር ግን ፈገግታውን አየሁት። አንዷ ተማሪ ያቺ ስምዎትን ከነአባትዎ ያለችው ጋዜጠኛ ማን እንደሆነች ጠየቀችው። አባቴ በር ላይ እያለከለክሁ ቆሜ አየኝና በአገጩ ጠቆመኝ።

«የኔው ናት» አላት። «ስሜን ግን ገና እያጣራች ነው።»

ሳቁ ሳይበርድ ሬድዮኑ ተንኮሻኮሸና ነፍስ ዘራ። የቆቦው ልጅ ጀነሬተሩን አስነስቶ ቀረጻውን ከቆመበት ቀጥሎታል። መጀመሪያ የኔ ድምፅ መጣ፤ ያ የማዶው፣ የቦዩ ድምፅ፤ ስለ ደለሉ። ቀጥሎ አባቴ ደለሉ የማን ድንበር ላይ እንዳለ ሲጠይቅ ተሰማ። ጎረቤታችን እጃቸውን እንዳነሱ ቆመው ቀሩ። ከዚያም የገዛ ድምፃቸው ከሬድዮኑ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣

«እሱማ የኔው ላይ ነው» አለ።

እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ያ የተቆጣው ሾፌር አባቴን ትከሻው ላይ ስሞ ይቅርታ ጠየቀው። ጎረቤታችን ተቀመጡና ሬድዮ እንዲህ ሰው የሚያዋርድ ነገር መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ እንደማይፈቅዱ ተናገሩ፤ ወዲያው ግን ራሳቸውም ሳቁ። በዚህ መካከል ፕሮግራሙ አለቀ፤ መዝጊያውን የምናገረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሻይ ቤት ነኝ። ሞገዱ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ማንም ሰምቶት የማያውቅ የአንድ ወጣት ድምፅ «አለቀ። ደኅና ዋሉ» አለ። የቆቦው ልጅ ነው። አሠልጣኛችን በኋላ የሥልጠናውን ምርጥ መዝጊያ የተናገረው እሱ ነው ብለው፣ ለኛም እንደ ምሳሌ ሲያነሱት ኖሩ። ዜማችንን እቤት አስቀምጠን እንድንመጣ ግን ከዚያ ወዲያ አላዘዙንም። ለምን እንደተዉት አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ጎረቤታችን ፊት ፊት ሄዱ፤ በየመንገዱ ሰላም የሚላቸው ሾፌር በዝቶ ነበር። አባቴ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ያ ድምፅ አሁን የት እንዳለ ጠየቀኝ። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል አልኩት። ሰው ሲሞትም ይኖራል ወይ አለኝ። ማንም ካላጠፋው ይኖራል አልኩት። እሱም የአባቱን ፊት እንደ ትናንት እንደሚያስታውሰው፣ ድምፁ ግን ከጠፋበት ብዙ ዘመን እንደሆነ ነገረኝ። ሲጠራው እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሯል። አልመጣለትም። ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ሲናገር አልሰማሁትም። ስልኩን ተቀበልኩትና እኔ ስልክ ላይ ከነበረው ቅጂ ቀረጻውን ሙሉውን ጫንኩለት፤ ዶሮውንም፣ ሲኒውንም፣ ባለድርሻ አካላቱንም ሳይቀር።

እናቴ እንደነገረችኝ ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን በመጡ ቁጥር ያ ስልክ ይከፈታል። ደለሉ ጋ ሲደርስ እሳቸው ይነሱና ሽንኩርታቸውን ለማየት ይሄዳሉ፤ ሲያልቅ ይመለሳሉ። እሷ ግን አንድ ቅሬታ አላት። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ የሷ ድምፅ የለም።

በዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ መቅረጸ ድምፁን ይዤላት ሄድኩ። አባቴን ማሳ ላከችው፣ ዶሮዎቹን እንዳሉ ተወቻቸው፣ ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በራሴ ድምፅ፣ እማ፣ ስለ ምን ልጠይቅሽ አልኳት።

«ዝም ብለሽ ክፈቺው» አለችኝ። «እኔ እነግርሻለሁ።»

እስከ ዐስር ሰዓት ሶላት ድረስ ነገረችኝ። ከግራና ሙሽራ ሆና ስትመጣ አንዲት የማንጎ ችግኝ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሥሯን እያረጠበች፣ በበቅሎ ላይ በጉያዋ ይዛ መምጣቷን ነገረችኝ። አሁን ደጃችን ላይ ያለው፣ ሽማግሌዎች ሥሩ የሚቀመጡበት ትልቁ ማንጎ እሱ ነው። አባቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በወጣትነቴ ተከልኩት እያለ ሲያሳይ የኖረው ማንጎ። ስንት ዓመት በሰው ፊት ይህን ሲል እየሰማች ውኃ ታቀርብ እንደነበር ስትነግረኝ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ጊዜው እስኪደርስ የጠበቀች ሰው ድምፅ ነበር።

እሱንም ፕሮግራም አድርጌ አሰናዳሁት፤ በሚተላለፍበት ዕለት እናቴና ጎረቤታችን በጧት መኪና ወልድያ መጡ። አባቴ አልመጣም። የቦይ ሥራ በዝቶብኛል አለ።